እትዬ ሐረግ እና የጉንጬ ጉድጓዶች

በየሰፈሩ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያልሾመው፣ ስለዚህም ሊሽረው የማይችል አንድ ሐኪም አለ። ታመምኩ ብላችሁ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ እሱ ራሱ ይመጣል። ገና ከደጃችሁ ብቅ ስትሉ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያያችኋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ የማትፈልጉትን መድኃኒት ያዝላችኋል። በሽታችሁን ከእናንተ በፊት ያውቀዋል። ከዳናችሁ በእሱ ነው፤ ካልዳናችሁ ደግሞ የነገራችሁን በደንብ ስላላደረጋችሁ ነው።

የከተማችን የመካነ ሰላም ሐኪም ሴት ነበሩ። ክብርት እትዬ ሐረግ። ይህን የምነግራችሁ የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የሆነውን ነው። እትዬ ሐረግ አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ነበሩ፤ በነጠላቸው ጫፍ ሁልጊዜ አንድ ነገር ቋጥረው ይዞራሉ። ቋጠሮው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ማስነጠስ ብቻ ይበቃል። ሲምሉ በማርያምም በወላሂም በአንድ ትንፋሽ ይምላሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ደንበኛቸው ነውና አንዱን አስቀይመው መኖር አልፈለጉም። የማንም ሰው ደዌ ከመጠን በላይ ከብዷቸው አያውቅም። ወገቡን ይዞ የመጣውንም፣ ዓይኑ የፈሰሰውንም ተመልክተው የሚሉት አንድ ነው።

"ይቺማ ምን አላት!"

እኔ እጃቸው የገባሁት በፊቴ ምክንያት ነው። ብጉር የጀመረኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነበር፤ በጣቴ እያፈረጥኩ፣ በጥፍሬ እየቆፈርኩ አባባስኩት። የመምህራን ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አገሬ ስመለስ ብጉሩ ሄዶ ጉድጓዱ ቀርቶ ነበር። ሁለቱም ጉንጮቼ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ያረፈበት አመድ ይመስሉ ነበር። ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን ሳይሆን ጉንጬን የሚያይ እየመሰለኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ እከናነባለሁ።

ቤት ውስጥ መከናነብ ይቻላል። ክፍል ውስጥ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ከደወል እስከ ደወል ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሬ ማስተማር ጀመርኩ። ጥያቄም ስጠይቅ ሰሌዳውን እያየሁ ነው። ልጆቹ ከጀርባዬ በቀር የሚያውቁት አልነበረም። ጽሕፈቴ ግን በጣም አማረ።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ አቶ አሻግሬ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። ጨዋ ሰው ስለነበሩ እሳቸውም መስኮቱን እያዩ ነው የተናገሩት።

"ወይዘሪት አበቡ፣ ከደሴ የትምህርት ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው። የእርስዎን ጀርባ ብቻ አይቶ ሄዶ ምን ብሎ ሪፖርት ያደርግልናል?"

ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ሳብኩ።

"ልጆች የአስተማሪያቸውን ፊት ማየት አለባቸው። ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ እንዲሁ ከሆነ ሌላ አስተማሪ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። አይቀየሙኝ።"

ከቢሮው ስወጣ ከአባይ በረሃ የተነሣው ጉም ከተማውን ሞልቶት ነበር። በዚያ አገር ጉም ሲወርድ ቤቱም ዛፉም ይጠፋል፤ የሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል። እያለቀስኩ ስሄድ ከነጭነቱ ውስጥ እትዬ ሐረግ ብቅ አሉ። አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ። እናቴ እንኳ እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም፤ እሷ እኔን ላለማሳፈር ስትል ወደ ሌላ ታይ ነበር።

"ይቺማ ምን አላት!" አሉ። "ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጪ ወደ ቤት ነይ።"

ሄድኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ከሰዓት በኋላዎች አሁን ሳስባቸው አንድ ረጅም ሕልም ይመስሉኛል። እትዬ ሐረግ መደቡ ላይ ያጋድሙኛል፣ ዓይኔን ያስጨፍኑኛል፣ ከዚያ የዕለቱን መድኃኒት ፊቴ ላይ ይለቀልቁታል። መጀመሪያ ማር ነበር፤ ከጎረቤታቸው ከሸህ ኑርሁሴን ቀፎ ለምነው ያመጡት። ቀጥሎ የእንቁላል ነጭ መጣ። ከዚያ የተልባ ዝልግልግ፣ ከዚያ በቅቤ የታሸ ጥቁር አዝሙድ፣ ከዚያ እሬት። መድኃኒቱ እስኪደርቅ መናገርም መሳቅም ክልክል ነው። ለእኔ ማለቴ ነው፤ ለእሳቸው ክልክል የሆነ ነገር አልነበረም።

"ይሄ እሬት እንዲሁ እሬት እንዳይመስልሽ" ይላሉ። "ከበረሃው አፋፍ ነው የነቀልኩት። ሥሩ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ውሃ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲወጣ አፉን ይከፍትና ይጠጣል። ወላሂ ሲጠጣ ሰምቼዋለሁ።"

ስለ ማሩ ሲያወሩ ደግሞ ንቦቹ ማዶ ተሻግረው፣ ሰው ረግጦት የማያውቅ ሜዳ ላይ የሚገኝ አበባ ቀስመው እንደሚመለሱ ይነግሩኛል። ማንም ካልረገጠው እሳቸው እንዴት አወቁ ብዬ እንዳልጠይቅ አፌ ተለጉሟል። ቀስ እያልኩ አንቀላፋለሁ። በእንቅልፌ ጉንጮቼ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ትንንሽ ምንጮች ይሆኑና ውሃ ይሞላሉ፤ ወፎች መጥተው ይጠጡባቸዋል፤ እኔም ወፎቹ እንዳይበሩ ብዬ ሳልንቀሳቀስ እቆያለሁ። ስነቃ እትዬ ሐረግ በለብታ ውሃ ያጥቡኝና ፊቴን አገላብጠው ያያሉ።

"ሞላ እኮ!" ይላሉ። "ይሄኛው ሞልቷል። በማርያም ሞልቷል።"

አልሞላም ነበር። ቤት ገብቼ በመስተዋት ሳየው ሁሉም በቦታው ነው። ነገር ግን በማግስቱ ተመልሼ እሄዳለሁ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ፣ ያን ያህል ቀርቦ፣ ሳያፍርልኝ ፊቴን የሚያይ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ትንሣኤ እየቀረበ ሲመጣ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። "እትዬ፣ ጠንከር ያለ ነገር የለዎትም?" አልኳቸው። እሳቸውም ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ወዲያው ተነሡ። ፌጦ ወቀጡ፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ ግራ ጉንጬ ላይ ደፍደፍ አድርገው ለጠፉት።

መጀመሪያ ሞቀኝ። ከዚያ ጋለኝ። ከዚያ ጉንጬ ላይ ፍም የተቀመጠ መሰለኝና ጮኼ ተነሣሁ። እትዬ ሐረግ በቀዝቃዛ ውሃ ቢያጥቡኝ፣ እርጎ ቢያፈሱብኝ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ተነፋ። "ይቺማ ምን አላት" አላሉም። አቅፈውኝ እስከ ቤቴ በር አደረሱኝና ጉሙ ውስጥ ገብተው ጠፉ።

ለተወሰነ ጊዜ በራቸው ተዘጋ። መንገድ ላይ ሰው ሲያስነጥስ "እትዬ ሐረግን ምን ነካቸው?" ይባባል ጀመር። የፊቴ ውሃ ፈንድቶ ደርቆ ቅርፊት ሲሆን፣ አንድ ማለዳ ጫማቸውን አድርገው፣ ስንቅ ቋጥረው በሬ ላይ ቆሙ።

"ተነሺ፤ ደሴ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"ሐኪም ቤት? እርስዎ?"

"እኔ አልቻልኩትም" አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "አሁን ስላልቻልኩት ስንከራከር መኪናው እንዳያመልጠን" አሉ።

በበጋ እህል ሊጭን የሚመጣ የጭነት መኪና ነበር። ከገብሱ ጆንያ ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ወደ ደጋው ወደ አቀስታ ስንወጣ ጉሙ ከበታችን ቀረ፤ ተራሮቹ ነጭ ባሕር ላይ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ አሉ፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከመኪናው ይልቅ ሰማዩ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ጥርሱን ይዞ ያቃስታል። እትዬ ሐረግ ዞር ብለው አላዩትም። እኔ ያኔ ነው የደነገጥኩት። "እትዬ፣ ሰውየው ጥርሱን አሞታል እኮ" አልኳቸው። "እግዜር ይማረው" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዶክተሩ ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። ጉንጬን በጣቱ እየወጠረና እየለቀቀ፣ መብራት ከጎን እያበራ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ጠባሳው ጥልቅ ነው" አለኝ። "ቆዳው ከሥር ወደ ውስጥ ተስቦ ተጣብቋል። የሚቀባ ነገር እዚያ ድረስ አይወርድም።"

"ማርም?" አሉ እትዬ ሐረግ።

"ማርም፣ እማማ።"

ከዚያ ያሉትን መንገዶች አስረዳኝ። አንዱ መፋቅ ነው፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ትንሽ ብሩሽ የላይኛውን ቆዳ ያነሣዋል፣ ከሥሩ አዲስ ይወጣል። ይህ የሚደረገው አዲስ አበባ ነው፤ እንደ እኛ ያለውን ጥቁር ቆዳ ግን አንዳንድ ጊዜ የባሰ አጥቁሮት፣ አንዳንድ ጊዜ አንጥቶት ይቀራል። ሁለተኛው በአሲድ መላጥ ነው።

"እንደ ፌጦ?" አሉ እትዬ ሐረግ በቀስታ።

"ከፌጦ ይብሳል። ልኩ ግን ይታወቃል። የእሷ ጉንጭ አሁን ስለተቃጠለ እኔ አልደፍረውም።"

ሦስተኛው በጣም የጎደጎዱትን አንድ በአንድ ቆርጦ አውጥቶ መስፋት ነው፤ በጉድጓዱ ቦታ ቀጭን መስመር ይቀራል፤ ሰፋፊዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። "ምንም አለማድረግም አንድ ምርጫ ነው" አለ በመጨረሻ። "አዲስ ብጉር ሲወጣ አለመንካት፣ ከፀሐይ መጠበቅ፤ ዕድሜም ትንሽ ያለሰልሰዋል።"

"እንደ ድሮው የሚያደርገኝ የትኛው ነው?" አልኩት።

"አንዱም አይችልም" አለ።

ይገርማችኋል፣ አላለቀስኩም። እውነቱን የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ነበረና ልቤ ውስጥ አንድ የተወጠረ ነገር ላላ አለ።

እትዬ ሐረግ ግን ገና አልጨረሱም። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" ብለው ጀመሩ፤ መሐል ላይ አክብሮቱን ረስተው "ልጄ" አሉት። "ልጄ፣ ይሄን የምትለውን መቁረጥ አንተ ራስህ ላይ ሞክረኸዋል?"

ዶክተሩ ሳቀ። "ሐኪም ራሱ ላይ አይሞክርም፣ እማማ።"

"ለምን አይሞክርም? እኔ እሞክራለሁ" ብለው የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡት።

የግራ ክንዳቸው ውስጠኛው በኩል ከእጅ አንጓቸው ጀምሮ በትንንሽ ምልክቶች ተሞልቷል። አንዳንዱ ቡናማ፣ አንዳንዱ ነጣ ያለ፣ አንዳንዱ ያልደረቀ። "ይሄ የጥቁር አዝሙዱ ነው። ይሄ የሸጋዬ ልጅ ችፌ ሲወጣባት የሞከርኩት ቅጠል ነው። ይሄ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ፤ ክፉ ነበር፣ ለማንም አልሰጠሁትም። ፌጦውንም እዚህ ጋ አስቀድሜ ለጥፌው ነበር። ምንም አላደረገኝም። ምንም ስላላደረገኝ ነው እሷ ላይ ያደረግኩት።" ክንዳቸውን ወደ እሱ ዘረጉ። "ምን አጠፋሁ? ንገረኝ።"

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ክንዳቸውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ እኔ ጉንጭ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ክንድና ፊት አንድ አይደሉም፣ እማማ" አለ ዝግ ብሎ። "የክንድዎ ቆዳ የሥራ ቆዳ ነው፤ ብዙ ይችላል። የጉንጭ ቆዳ ስስ ነው።"

"ታዲያ ፊቴ ላይ መሞከር ነበረብኝ?"

"ኧረ! ይሄን እንዳያደርጉት!" አለ ደንግጦ። እኔም ደነገጥኩ፤ ካላስጠነቀቅናቸው በማግስቱ እንደሚያደርጉት ሁለታችንም አውቀናል።

እኔ መስፋቱን መረጥኩ። ዶክተሩ መጀመሪያ ከጆሮዬ ኋላ፣ ሰው በማያየው ቦታ ትንሽ ቆርጦ ሰፍቶ፣ ቁስሉ ሲድን የሚያብጥ ቆዳ እንዳለኝና እንደሌለኝ እንደሚያይ ነገረኝ። እትዬ ሐረግ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና "ሙያውን ከየት እንዳገኘው አየሽ?" አሉኝ። ወደ ራሳቸው እየተመለሱ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ለምኜ ስለነበር እዚያው ደሴ ዘመዳቸው ቤት ሰነበትን። ከጆሮዬ ኋላ ያለው ሳያብጥ ዳነ። የተቀረው ሲሠራልኝ መርፌው አደንዝዞኝ ነበርና የማስታውሰው በመስኮት የገባውን ብርሃን፣ የመቀሱን ትንሽ ድምፅና እጄን አጥብቀው የያዙትን የእትዬ ሐረግን እጅ ነው። ዶክተሩ ክር ሲያስገባ "ጠበቅ አድርገህ፤ አሁን ላላ አድርገው፤ ጎበዝ" ይሉት ነበር።

ከዚያ ፀሐይ አይንካሽ ተባልኩ። እትዬ ሐረግ ከየት እንዳመጡት የማላውቀው ትልቅ ጃንጥላ ይዘው፣ መካነ ሰላም ከተመለስን በኋላ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ያጅቡኝ ጀመር። ጉም በሌለበት ቀን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በጉሙም ይዘውት ይወጣሉ። ገበያ መሐል ሰው መንገድ ይለቅልን ነበር። እጅ ሊነሣን የቃጣቸውም አልጠፉም።

ትንሣኤ አለፈ። ክፍል ገባሁ፤ ጠመኔውን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩትና ዞርኩ። ከጉድጓዶቹ የባሱት ሄደው ቀጫጭን መስመሮች ሆነዋል፤ ሌሎቹ አሉ፤ በግራ ጉንጬ ላይ ደግሞ የፌጦው ጥላ ተጨምሯል። አየኋቸው፤ እነሱም አዩኝ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ለጎረቤቷ "እትዬ አበቡ ዓይናቸው ትልቅ ነው ለካ!" ስትል ክፍሉ ሁሉ ሰማ። እስከ ደወሉ ድረስ የጻፍኩት ነገር የለም። ስናወራ ዋልን።

የሰፈሩ ሴቶች "ምን ተቀብተሽ ነው?" ብለው ሲከቡኝ፣ እትዬ ሐረግ አጠገቤ ቆመዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ሰዓት ነው ብዬ አሰብኩና ምስጋናውን ልለቅላቸው ወሰንኩ። "እትዬ ሐረግ ናቸው ያዳኑኝ" አልኩ።

"ውሸቷን ነው" አሉ እትዬ ሐረግ። "ሐኪም ነው። ቆርጦ ሰፍቶ ነው። እኔ ያደረግኩት ማቃጠል ነው፤ ይኸውላችሁ ምልክቱ።" ጉንጬን በጣታቸው አሳዩ። ከዚያ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያዩ፣ ልጅ ያላት ልጇን ብጉሯን እንዳትነካ እንድትነግራት፣ ፌጦ ፊት ላይ የለጠፈች ደግሞ ከእሳቸው ጋር እንደምትጣላ አስታወቁ። አዋጅ ይመስል ነበር።

መድኃኒት ማዘዛቸውን የተዉ እንዳይመስላችሁ። እሱን ሞት ነው የሚያስተዋቸው። ከዚያ በኋላ ግን ያልቻሉትን ሰው ራሳቸው ደሴ ያደርሱታል፤ ሐኪሙ ፊት አብረውት ይቀመጣሉ፤ ለሐኪሙም ምክር ይሰጣሉ። ዶክተሩም እትዬ ሐረግ መጥተዋል ሲባል ወንበር ያስመጣላቸው ነበር ይባላል።

አንድ ማለዳ የሸህ ኑርሁሴንን የልጅ ልጅ ፈትሂያን ይዘው ሲሄዱ ልሸኛቸው ወጣሁ። ልጅቷ ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች፤ ብጉሩ ገና ትኩስ ነው። እትዬ ሐረግ ገቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተሰይመው፣ ልጅቷን ከጎናቸው አስጠግተው፣ መስኮቱን እንድትዘጋው ያዛሉ። ጉሙ ወርዷል፤ የመኪናው አፍንጫ ገና ከመነሣቱ መታየት አቁሟል። ሞተሩ ተነሣ። ሾፌሩ፣ ምስኪን፣ አንዴ አሳለው።

በመስኮቱ በኩል እትዬ ሐረግ ወደ እሱ ሲዞሩ አየሁ። ቋጠሯቸውን ሲፈቱ አየሁ። መኪናው ነጭነቱ ውስጥ ገብቶ ከጠፋ በኋላ እንኳ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ ስለ አንድ ቅጠል ያወራሉ፤ ማንም ሰው ረግጦት በማያውቅ ቦታ የሚበቅል ቅጠል ነው።

መንገዱ እስከ ደሴ ድረስ ረጅም ነው። ለሾፌሩ አዘንኩለት። ቀናሁበትም።